ልብሱ ወይስ አካሉ? የዋና ውድድር ልብስ ታሪክና ለሐኪም የሚያነሣው ጥያቄ

መግቢያ

በሮም ከተማ በ49 ዓመታት ልዩነት የተፈጸሙ ሁለት የስፖርት ድርጊቶች ጎን ለጎን ሲታዩ አንድ መሠረታዊ ጥያቄ ያስነሣሉ። በ1960 በተካሄደው ኦሊምፒክ ሻምበል አበበ ቢቂላ ማራቶንን በባዶ እግሩ ሮጦ በ2 ሰዓት ከ15 ደቂቃ ከ16.2 ሰከንድ ሲያሸንፍ ዓለም የተደነቀው ጫማ ባላደረገው እግር ነበር። በ2009 በዚያችው ከተማ በተካሄደው የዓለም የዋና ሻምፒዮና ደግሞ በስምንት ቀናት ውስጥ 43 የዓለም ክብረ ወሰኖች ሲሻሻሉ መነጋገሪያ የሆነው የዋናተኞቹ ብርታት ሳይሆን የለበሱት ልብስ ነበር። በመጀመሪያው ድርጊት ምስጋናው በሙሉ ለአካል፣ በሁለተኛው በሙሉ ለልብስ ተሰጠ። ሁለቱም ፍርዶች የእውነቱን ግማሽ ብቻ የያዙ ነበሩ።

የዋና ውድድር ልብስ ታሪክ ከሱፍ ወደ ናይሎን፣ ከናይሎን ወደ ፖሊዩሪቴን የተደረገ የጨርቅ ጉዞ ብቻ አይደለም። የአንድ ውጤት ምክንያት በተደጋጋሚ በተሳሳተ ቦታ የተፈለገበት ታሪክም ነው። አንድ ጊዜ የመድኃኒት ሥራ ለልብስ ተሰጥቷል፤ ሌላ ጊዜ የልብስ ሥራ ለአካል ተሰጥቷል፤ ከዚያም በኋላ የገንዳና የሥልጠና እጦት ያስከተለው ጉድለት በአካል ላይ ተላክኳል። ምልክቱን ከምክንያቱ መለየት የዕለት ተዕለት ሥራው ለሆነው ሐኪም ይህ ታሪክ የሚጠቅመው በዚህ ረገድ ነው። በዚህ ጽሑፍ የተጠቀሱት ዓመታት በሙሉ እንደ ጎርጎርዮስ አቆጣጠር ናቸው።

ከስብ እስከ ሐር

በ1896 በአቴንስ በተካሄደው የመጀመሪያው ዘመናዊ ኦሊምፒክ የዋና ውድድር የተደረገው በገንዳ ሳይሆን በዜአ የባሕር ሰላጤ ነበር። ውኃው እጅግ ቀዝቃዛ፣ ማዕበሉም ብርቱ ነበር። የ100 ሜትር አሸናፊ የሆነው የሀንጋሪው ተወላጅ አልፍሬድ ሃዮሽ ወደ ውኃው ከመግባቱ በፊት መላ ሰውነቱን ወፍራም ስብ ተቀባ። ውኃ የሰውነትን ሙቀት ከአየር 25 ጊዜ ያህል በበለጠ ፍጥነት ስለሚወስድ፣ ዋናተኛው ያሰጋው ከተፎካካሪዎቹ ይልቅ ቅዝቃዜው ነበር። ሃዮሽ ዋናን የተማረውም ለሜዳልያ ብሎ አልነበረም፤ የ13 ዓመት ልጅ ሳለ አባቱ በዳኑብ ወንዝ ሰጥመው ሞተዋል። ስለዚህ በዘመናዊው የዋና ውድድር መነሻ ላይ የሚገኘው የመጀመሪያው «ልብስ» ለፍጥነት የታሰበ ሳይሆን ሕይወትን ለማቆየት የተቀባ ስብ ነበር ማለት ይቻላል።

ከዚያ በኋላ በነበሩት ዓመታት የዋና ልብስ የሚለካው በጨዋነት ሚዛን ነበር። ወንዶችም ሴቶችም ከትከሻ እስከ ጭን የሚደርስ፣ ከሱፍ ወይም ከጥጥ የተሠራ ልብስ ይለብሱ ነበር። ሱፍ ውኃ ይጠጣል፤ ውኃ የጠጣ ሱፍ ይከብዳል፤ የከበደ ልብስ ደግሞ ከሰውነት ተላቆ ይንጠለጠላል። ዋናተኛው በእያንዳንዱ ቀዘፋ ራሱን ብቻ ሳይሆን ልብሱንም ይጎትት ነበር።

ሴቶች በኦሊምፒክ ዋና የተወዳደሩት ለመጀመሪያ ጊዜ በ1912 በስቶክሆልም ነው። አውስትራሊያዊቷ ፋኒ ዱራክ 100 ሜትሩን በ1 ደቂቃ ከ22.2 ሰከንድ አጠናቅቃ አሸነፈች። ይህ ሰዓት ሃዮሽ ከ16 ዓመታት በፊት በአቴንስ ባሕር ካስመዘገበው ጋር ፍጹም አንድ ነው። በዚያው ኦሊምፒክ የሴቶቹን የዱላ ቅብብል ያሸነፈው የብሪታንያ ቡድን ከስስ ሐር የተሠራ ልብስ ለብሶ ነበር። ሐር ከሱፍ ያነሰ ውኃ ይይዛል፤ ከሰውነትም ጋር ይጣበቃል። በዚህ ጊዜ ልብስ ከጨዋነት መሸፈኛነት ባሻገር የፍጥነት መሣሪያ ሊሆን እንደሚችል መታየት ጀመረ።

በ1914 ከስኮትላንድ ወደ አውስትራሊያ የፈለሰው አሌክሳንደር ማክሬ በሲድኒ የሹራብ ፋብሪካ አቋቋመ። ፋብሪካው በ1928 ለዋና ልብሶቹ «ስፒዶ» የሚለውን ስም ሰጠ። የዚህ ኩባንያ ቀዳሚ አስተዋፅኦ አዲስ ጨርቅ ማምጣቱ ሳይሆን አዲስ አቆራረጥ ማውጣቱ ነበር። የልብሱ ጀርባ ተቆርጦ ማንገቻው ወደ መሐል እንዲሰበሰብ ሲደረግ የትከሻ ሰሌዳ አጥንትና በዙሪያው ያሉት ጡንቻዎች እንደ ልብ መንቀሳቀስ ቻሉ። ክንዱን በሺህ የሚቆጠር ጊዜ ወደ ላይ ለሚያነሣ ስፖርተኛ ይህ ትልቅ ለውጥ ነበር። ሆኖም በ1932 በሎስ አንጀለስ ኦሊምፒክ የ200 ሜትር የደረት ቀዘፋ አሸናፊ የሆነችው አውስትራሊያዊቷ ክሌር ዴኒስ እንዲህ ያለ ልብስ ለብሳ በመቅረቧ ትከሻዋ ከሚገባው በላይ ተጋልጧል የሚል ክስ ቀርቦባት ነበር። የአካል ነጻነትና የጨዋነት ሕግ የተፋጠጡበት ጊዜ ነበር።

ውኃ ዋናተኛውን የሚይዘው እንዴት ነው?

ከዚህ በኋላ የመጣውን የጨርቅ ፉክክር ለመረዳት ውኃ በሚንቀሳቀስ አካል ላይ የሚያደርሰውን ተቃውሞ ማወቅ ያስፈልጋል። ውኃ ከአየር 800 ጊዜ ያህል የጠጠረ ነው። ዋናተኛውን ወደ ኋላ የሚጎትተው ኃይል ከሦስት ምንጮች ይመጣል። አንደኛው ከአካል ቅርጽ የሚመነጭ ነው፤ ወገቡና እግሩ ወደ ታች የሰመጡበት ዋናተኛ ሰፊ ገጽ ለውኃው ያቀርባል። ሁለተኛው በቆዳ ወይም በልብስ ገጽና በውኃ መካከል የሚፈጠር ፍትጊያ ነው። ሦስተኛው አካሉ በውኃው ገጽ ላይ ሲያልፍ በሚያስነሣው ሞገድ ምክንያት የሚባክን ጉልበት ነው።

ይህ ጎታች ኃይል በግምት ከፍጥነት ካሬ ጋር ያድጋል። እርሱን ለማሸነፍ የሚያስፈልገው ጉልበት ደግሞ ከፍጥነት ኩብ ጋር ያድጋል። ስለዚህ አንድ ዋናተኛ ፍጥነቱን በ10 ከመቶ ለመጨመር ጉልበቱን በ33 ከመቶ ያህል ማሳደግ ይኖርበታል። በሥልጠና የሚገኝ የልብና የሳንባ ብቃት በዚህ መጠን የሚያድገው በዓመታት ድካም ነው። ልብስ ጎታች ኃይሉን በጥቂት ከመቶ ቢቀንስ ግን ትርፉ በአንድ ቀን ይገኛል። የልብስ ሠሪዎች ከ1950ዎቹ ጀምሮ ይህን በር ሲያንኳኩ የኖሩት በዚህ ምክንያት ነው።

ናይሎን፣ ላይክራና የቤልግሬድ ምስጢር

ናይሎን በ1935 በአሜሪካው ዱፖንት ኩባንያ በዋላስ ካሮተርስ ተፈለሰፈ። በ1958 ደግሞ በዚያው ኩባንያ በጆሴፍ ሺቨርስ ላይክራ በሚል የንግድ ስም የታወቀው ተለጣጭ ክር ተገኘ። ሁለቱ ሲቀላቀሉ ውኃ የማይጠጣ፣ ከሰውነት የማይላቀቅና ቶሎ የሚደርቅ ጨርቅ ተፈጠረ። በ1972 በሙኒክ ኦሊምፒክ ሰባት ወርቅ ሜዳልያ የወሰደው አሜሪካዊው ማርክ ስፒትዝ የለበሰው ከዚህ ዘመን ጨርቅ የተሠራ አነስተኛ ቁምጣ ብቻ ነበር። የራስ ቆብም ሆነ የዓይን መነጽር አላደረገም። በዚያን ጊዜ የነበረው እምነት ልብስ ባነሰ ቁጥር ፍጥነት ይጨምራል የሚል ነበር።

ከአንድ ዓመት በኋላ በ1973 በቤልግሬድ የመጀመሪያው የዓለም የዋና ሻምፒዮና ተካሄደ። በሙኒክ በሴቶች ዋና አንድም ወርቅ ያላገኘችው ምሥራቅ ጀርመን በቤልግሬድ ከ14 የሴቶች ውድድሮች በ10ሩ አሸነፈች። ታዛቢዎች ምክንያቱን ሲፈልጉ ዓይናቸው ያረፈው በልብሱ ላይ ነበር። የምሥራቅ ጀርመን ሴቶች እንደ ቆዳ የሚጣበቅ እጅግ ስስ ልብስ ለብሰው ነበር፤ የአሜሪካ ሴቶች ግን ከፊት ለፊት ለጨዋነት ሲባል ጉርድ ቀሚስ መሰል ጨርቅ የተሰፋበትን ልብስ ይለብሱ ነበር። ብዙም ሳይቆይ ሌሎች አገሮች ያንን ስስ ልብስ ተቀበሉ። ልብሱ ለውጥ ማምጣቱ አይካድም። ይሁን እንጂ በ1976 በሞንትሪያል ኦሊምፒክ ሁሉም ቡድኖች ስስ ልብስ ለብሰው ሲቀርቡ ምሥራቅ ጀርመን ከ13 የሴቶች ውድድሮች በ11ዱ አሸነፈች። ልብሱ እኩል ሲሆን ልዩነቱ ካልጠፋ፣ የልዩነቱ ምክንያት ሌላ ቦታ መፈለግ ነበረበት።

ያ ሌላ ቦታ የአካሉ ውስጥ ነበር። የምሥራቅ ጀርመን ስፖርት ባለሥልጣናት ቀደም ብለው የጀመሩትን የአናቦሊክ ስቴሮይድ አሰጣጥ በ1974 «መንግሥታዊ ዕቅድ 14.25» በሚል ስም በምስጢር ሥርዓት አድርገው አጸኑት። ኦራል ቱሪናቦል የተባለው ሰው ሠራሽ የወንዴ ሆርሞን ገና ለአቅመ ሔዋን ላልደረሱ ልጃገረዶች ጭምር ቫይታሚን ነው እየተባለ ይሰጥ ነበር። በዚህ ዕቅድ ያለፉት ስፖርተኞች እስከ 10 ሺህ እንደሚደርሱ ይገመታል። ድምፃቸው የጎረነነ፣ በገላቸው ላይ ጠጉር የበቀለባቸው፣ ጉበታቸው የተጎዳና በኋላም በእርግዝና ላይ ችግር የገጠማቸው ሴቶች ጥቂት አልነበሩም። ሰነዶቹ ይፋ የወጡት ከጀርመን ውሕደት በኋላ ሲሆን፣ በዚህ ረገድ የሞለኪዩል ሥነ ሕይወት ተመራማሪው ቨርነር ፍራንከና ባለቤታቸው የቀድሞዋ አትሌት ብሪጊተ ቤረንዶንክ ከፍተኛ ድርሻ ነበራቸው። በ2000 በጀርመን ፍርድ ቤቶች ጥፋተኛ ከተባሉት መካከል የዋና ቡድኑ ሐኪም የነበረው ሎታር ኪፕከ ይገኝበታል።

የቤልግሬድ ታሪክ ለሕክምና ሙያ ሁለት ነገሮችን ያስተምራል። የመጀመሪያው፣ በዓይን የሚታየው አዲስ ነገር በዓይን ለማይታየው መጋረጃ ሊሆን እንደሚችል ነው፤ ዓለም ስለ ጨርቁ ሲወያይ መድኃኒቱ ሥራውን ይሠራ ነበር። ሁለተኛው ደግሞ የጎረነነውን ድምፅና የተለወጠውን አካል በቅርብ ያዩት ሐኪሞች መሆናቸው ነው። መድኃኒቱን የሰጡትም ከእነዚሁ መካከል የነበሩ ሐኪሞች ናቸው።

ከሻርክ ቆዳ እስከ ሮም

በ2000 በሲድኒ ኦሊምፒክ ዋዜማ የልብስ ታሪክ አቅጣጫውን ለወጠ። ልብስ ባነሰ ቁጥር ይሻላል የሚለው እምነት ቀርቶ መላ አካልን የሚሸፍን ልብስ መጣ። ስፒዶ «ፋስትስኪን» ብሎ የሰየመው ጨርቅ የሻርክን ቆዳ አስመስሎ የተሠራ መሆኑ ተነገረ። የሻርክ ቆዳ በጥቃቅን ጥርስ መሰል ቅርፊቶች የተሸፈነ ሲሆን እነዚህ ቅርፊቶች በዙሪያው የሚፈሰውን ውኃ ያስተካክላሉ። በ2012 በሃርቫርድ ዩኒቨርሲቲ በጆርጅ ላውደር የተመራ ጥናት ግን የጨርቁ ገጽ እንደ እውነተኛው የሻርክ ቆዳ ጥቅም እንደማይሰጥ አሳየ። ልብሱ ከረዳም የረዳው አካልን አጥብቆ በመያዙ እንጂ ሻርክን በመምሰሉ አልነበረም። እዚህም ላይ ምክንያቱ በተሳሳተ ቦታ ተፈልጎ ነበር።

ወሳኙ ዓመት 2008 ነው። በዚያ ዓመት የካቲት ወር ስፒዶ «ኤልዜድአር ሬሰር» የተባለውን ልብስ አወጣ። ጨርቁ በአሜሪካ የጠፈር ምርምር ድርጅት በናሳ የነፋስ ዋሻ ተፈትኗል። ስፌት የለውም፤ ክፍሎቹ በአልትራሳውንድ ሞገድ ተበይደው የተገጣጠሙ ናቸው። በደረት፣ በሆድና በጭን ላይ የፖሊዩሪቴን ሽፋን ነበረው። ዋጋው ወደ 550 የአሜሪካ ዶላር ይጠጋ ነበር። ልብሱን ለመልበስ እስከ ግማሽ ሰዓት የሚፈጅ ትግል ይጠይቅ ነበር። በዚያው ዓመት በቤጂንግ ኦሊምፒክ በዋና ከተሻሻሉት 25 የዓለም ክብረ ወሰኖች 23ቱ ይህን ልብስ በለበሱ ዋናተኞች የተመዘገቡ ናቸው።

ልብሱ የሠራው ሥራ ከፊዚዮሎጂ አንጻር ሲታይ ሦስት ገጽታ ነበረው። ሆድና ወገብን አጥብቆ በመያዝ አካሉን ወደ ቀጥተኛ ቅርጽ ያመጣ ነበር፤ በቀዘፋ ጊዜ የሚርገበገበውን ጡንቻና ስብ ያረጋ ነበር፤ አየር በመያዝም አካሉ ከፍ ብሎ እንዲንሳፈፍ ያግዝ ነበር። በመሆኑም ልብሱ ሁሉንም በእኩል አልጠቀመም። ሆዱ በሥልጠና የጠነከረና አካሉ በተፈጥሮው ቀጥ ብሎ የሚንሳፈፍ ዋናተኛ የሚያገኘው ትርፍ አነስተኛ ሲሆን፣ ይህ የጎደለው ዋናተኛ ግን ጉድለቱን በልብስ ይሞላ ነበር። ቀደም ሲል የሥልጠና ፍሬ የነበረው ነገር በገበያ የሚገዛ ሆነ።

በ2009 ሌሎች ኩባንያዎች ከዚያ አልፈው ሙሉ በሙሉ ከፖሊዩሪቴን የተሠሩ ልብሶችን አቀረቡ። «ጃኬድ» እና «አሬና ኤክስ-ግላይድ» ከእነዚህ መካከል ናቸው። በሮም ሻምፒዮና ኤክስ-ግላይድን የለበሰው ጀርመናዊው ፓውል ቢደርማን በ200 ሜትር ነጻ ቀዘፋ ማይክል ፌልፕስን ቀድሞ 1 ደቂቃ ከ42.00 ሰከንድ አስመዘገበ፤ በ400 ሜትርም 3 ደቂቃ ከ40.07 ሰከንድ ገባ። ቢደርማን ራሱ የልብሱን እገዛ አልካደም። ብራዚላዊው ሴዛር ሲዬሎ ደግሞ 100 ሜትሩን በ46.91 ሰከንድ ጨረሰ።

በዚያው በሮም የተሰበሰበው የዓለም አቀፉ የዋና ፌዴሬሽን ጉባኤ እነዚህ ልብሶች እንዲታገዱ ወሰነ። ከጃንዋሪ 1 ቀን 2010 ጀምሮ የዋና ልብስ ከጨርቅ ብቻ እንዲሠራ፣ የወንዶች ከወገብ እስከ ጉልበት፣ የሴቶች ከትከሻ እስከ ጉልበት ብቻ እንዲደርስ፣ ዚፕ እንዳይኖረው፣ ውፍረቱም ከ0.8 ሚሊ ሜትር እንዳይበልጥ ተደነገገ። ልብሱ የሚጨምረው የመንሳፈፍ ኃይል ከ0.5 ኒውተን እንዳያልፍም ተገደበ። ይሁን እንጂ በታገዱት ልብሶች የተመዘገቡት ክብረ ወሰኖች አልተሠረዙም። ከዚያ በኋላ የመጣው ትውልድ ከሰው ጋር ብቻ ሳይሆን ከጠፋ ልብስ ጋርም ሲፎካከር ኖረ። የሲዬሎን ክብረ ወሰን በ2022 በ46.86 ሰከንድ ያሻሻለው ሮማንያዊው ዳቪድ ፖፖቪች የ17 ዓመት ወጣት ነበር፤ ያሻሻለውም በዚያችው በሮም ነው። የቢደርማን የ400 ሜትር ክብረ ወሰን ግን 16 ዓመታት ያህል ቆይቶ በ2025 በጀርመናዊው ሉካስ ሜርተንስ ተሻሽሏል። ስለዚህ የልብሱ እገዛ በሥልጠናና በዕውቀት ሊተካ የሚችል፣ ግን ብዙ ዓመታት የሚጠይቅ ነበር።

ደጋው አገርና ውኃው

ኢትዮጵያ በዚህ ታሪክ ውስጥ የምትገባው በሌላ በር ነው። በላስታ ተራሮች መካከል ወደ 2,700 ሜትር በሚጠጋ ከፍታ ላይ የይምርሐነ ክርስቶስ ቤተ ክርስቲያን በዋሻ ውስጥ ታንጾ ይገኛል። የአካባቢው ትውፊት ሕንፃው ከሥሩ ውኃ ባለበት መሬት ላይ፣ በተነጠፈ እንጨት ላይ እንደቆመ ይናገራል። በደጋው አገር ውኃ በአብዛኛው እንዲህ ነው፤ ከምድር በታች ይገኛል፣ ከምንጭ ይቀዳል፣ በጸበልነት ይጠመቁበታል እንጂ አይዋኙበትም። ተከዜ የሚነሣው ከላስታ ተራሮች ነው። ሆኖም በበጋ ይቀጥናል፤ በክረምት ደግሞ ሰውና ከብት የሚወስድ ጎርፍ ይሆናል። ከይምርሐነ ክርስቶስ እስከ ላሊበላ ባለው ዳገትና ቁልቁለት የሚያድግ ልጅ እግሩና ሳንባው ከልጅነቱ ጀምሮ ለሩጫ ይሠለጥናሉ፤ ዋናን ግን የሚማርበት ውኃ የለውም።

ውኃ ባለበትም ቢሆን ችግሩ አላበቃም። በጣና ዳር የሚያድጉ ልጆች ዋና ያውቃሉ፤ ነገር ግን በሐይቁ ዳርቻ ብልሃርዝያ አለ። ዶክተር አክሊሉ ለማ በ1964 በዓድዋ የእንዶድን ቀንድ አውጣ ገዳይነት ያስተዋሉት ሴቶች ልብስ ከሚያጥቡበት ወንዝ በታች የሞቱ ቀንድ አውጣዎችን አይተው እንደነበር ይታወሳል። ለገጠር ልጅ የዋና ልብስ ማለት ወደ ውኃው ሲገባ አውልቆ ከወንዙ ዳር የሚተወው ልብስ ነው፤ በሽታው የሚገባውም በዚያ በተራቆተ ቆዳ በኩል ነው። በከተማ ደግሞ የታወቁት ገንዳዎች በአብዛኛው የሆቴል ገንዳዎች ናቸው። የአዲስ አበባው ሂልተን ገንዳ የላሊበላውን ቤተ ጊዮርጊስ በሚያስታውስ የመስቀል ቅርጽ የተሠራ ነው፤ ለዓይን ያማረ ቢሆንም የውድድር መሥመር የሚዘረጋበት አይደለም።

ይህ ሁሉ እያለ ኢትዮጵያውያን በኦሊምፒክ ዋና ተወዳድረዋል። በ2012 በለንደን ሙሉዓለም ግርማና ያኔት ሥዩም በ50 ሜትር ነጻ ቀዘፋ ቀረቡ። በ2021 በተካሄደው የቶኪዮ ኦሊምፒክ አብዱልማሊክ ሙክታር፣ በ2024 በፓሪስ ደግሞ ሊና ዓለማየሁ በዚሁ ርቀት ተወዳድረዋል። የዓለም መነጋገሪያ የሆነው ግን በ2016 በሪዮ ዴ ጄኔሮ የቀረበው የ24 ዓመቱ ሮቤል ኪሮስ ነው። ሮቤል 100 ሜትር ነጻ ቀዘፋን በ1 ደቂቃ ከ4.95 ሰከንድ ጨርሶ ከ59 ተወዳዳሪዎች የመጨረሻ ሆነ። የውድድሩ አሸናፊ አውስትራሊያዊው ካይል ቻልመርስ የገባው በ47.58 ሰከንድ ነበር።

ብዙ የዓለም መገናኛ ብዙኃን የጻፉት ስለ ሰዓቱ ሳይሆን ስለ ሮቤል ሆድ ነበር። ሰውነቱን ከዓሣ ነባሪ ጋር እያነጻጸሩ ተሳለቁበት። በአገር ውስጥ ደግሞ የፌዴሬሽኑ ፕሬዚዳንት ልጅ በመሆኑ የምርጫው ፍትሐዊነት አጠያየቀ፤ ይህ የአስተዳደር ጥያቄ በራሱ ተገቢ ነበር። በአካሉ ላይ የተሰነዘረው ፌዝ ግን ከሕክምና ዕይታ ሲመዘን የምክንያት ስሕተት ነው። ሮቤል የቀረበው ዝቅተኛውን ሰዓት ላላሟሉ አገሮች በሚሰጥ ዕድል ሲሆን፣ በሪዮ የሁሉም ልብስ በ2010 ሕግ የተገደበ ጨርቅ ነበር። በዚያ መሥመር ላይ እኩል የነበረው ልብሱ ብቻ ነው። ከልብሱ በታች ያለው አካል የሌላውን ዋናተኛ ያህል የገንዳ ሰዓት፣ የአሠልጣኝ ክትትልና የውድድር ልምድ አላገኘም። የ17 ሰከንዱ ልዩነት በወገብ ስፋት ሊተረጎም አይችልም። በ1908 በለንደን የዚሁ ርቀት የኦሊምፒክ አሸናፊ አሜሪካዊው ቻርለስ ዳንኤልስ ያስመዘገበው ክብረ ወሰን 1 ደቂቃ ከ5.6 ሰከንድ ነበር። የሮቤል ሰዓት ከዚያ የተሻለ ነው። በእነዚህ ሁለት ሰዓቶች መካከል ያሉት 108 ዓመታት የሚያሳዩት የሰው አካል መለወጡን ሳይሆን ዋና በአንዳንድ አገሮች የትምህርትና የተቋም ሀብት ሆኖ ሲያድግ በሌሎች አገሮች ገና መጀመሩን ነው።

ከገንዳ ወደ ጎዳና

ዋናተኞች በ2009 የገጠማቸው ጥያቄ ከአሥር ዓመት በኋላ ወደ ኢትዮጵያውያን የስፖርት መስክ ወደ ሩጫ ተሻገረ። መነሻው አበበ ቢቂላ ነው። ከሮም ድል በኋላ ባዶ እግር ራሱ ምስጢር ተደርጎ ይነገር ነበር። ነገር ግን አበበ በ1964 በቶኪዮ ጫማና ካልሲ አድርጎ፣ የትርፍ አንጀት ቀዶ ሕክምና ካደረገ 40 ቀን ሳይሞላው፣ በ2 ሰዓት ከ12 ደቂቃ ከ11.2 ሰከንድ አሸነፈ። ሰዓቱ ከሮሙ በሦስት ደቂቃ ተሻለ። ምስጢሩ ባዶ እግሩ እንዳልነበረ አበበ ራሱ በሩጫው አሳየ።

ከ2017 ጀምሮ የካርቦን ሰሌዳ ያለባቸውና ወፍራም፣ ቀላል ሶል ያላቸው ጫማዎች መጡ። በአሜሪካ ኮሎራዶ ዩኒቨርሲቲ በተደረገ ጥናት ከእነዚህ ጫማዎች አንዱ ለሩጫ የሚወጣውን ጉልበት በአማካይ በ4 ከመቶ እንደሚቀንስ ተመዘገበ። በ2019 በበርሊን ማራቶን ቀነኒሳ በቀለ በ2 ሰዓት ከ1 ደቂቃ ከ41 ሰከንድ ገባ። የዓለም አትሌቲክስ በ2020 የጎዳና ጫማ ሶል ከ40 ሚሊ ሜትር እንዳይበልጥና ከአንድ ሰሌዳ በላይ እንዳይኖረው ሕግ አወጣ። የሕጉን ክብደት ከቀመሱት አንዱ ኢትዮጵያዊ ነው። በ2021 የቪየናን ማራቶን በአንደኛነት የጨረሰው ደራራ ሁሪሳ፣ ያደረገው ጫማ ሶል 50 ሚሊ ሜትር በመሆኑና በቅጹ ላይ ካስመዘገበው ጫማ የተለየ ሆኖ በመገኘቱ ድሉ ተሰረዘ። አንድ ሴንቲ ሜትር አረፋ 42 ኪሎ ሜትር የሮጠውን አካል ውጤት አሳጣው።

በ2023 ትዕግሥት አሰፋ በበርሊን 2 ሰዓት ከ11 ደቂቃ ከ53 ሰከንድ በመግባት የሴቶችን የዓለም ክብረ ወሰን ከሁለት ደቂቃ በላይ ስታሻሽል ያደረገችው ጫማ 138 ግራም የሚመዝን፣ 500 ዶላር የሚሸጥና በሕግ የተፈቀደ ነበር። ከድሉ በኋላ ጫማውን ከፍ አድርጋ ለካሜራ አሳየች። ጫማው እንደረዳት መናገር የትዕግሥትን ብርታት መካድ አይደለም። በዚያው ቀን በተፈቀደ ጫማ የሮጡ ሌሎች ብዙ ሴቶች ነበሩ፤ በዚያ ሰዓት የገባችው ግን እርሷ ብቻ ናት።

ማጠቃለያ

ከዚህ ታሪክ የሚወጣው ትምህርት የውድድር ውጤት ሲመረመር ሦስት ነገሮች ተለይተው መታየት አለባቸው የሚል ነው። እነርሱም በአካሉ ላይ ያለው፣ በአካሉ ውስጥ ያለውና በአካሉ ዙሪያ ያለው ናቸው። በቤልግሬድ ሰዎች ላዩን አይተው ውስጡን ሳቱ። በሮም ላዩ የሠራውን ለውስጡ ብርታት ሊቆጥሩ ሲሉ ሕግ አስቆማቸው። በሪዮ ደግሞ በዙሪያው የጎደለውን በአካሉ ላይ አላከኩ። የስፖርት ቡድን ሐኪም ሆኖ የሚሠራ ባለሙያ ድንገተኛ ውጤት ሲያይ፣ መልካምም ይሁን መጥፎ፣ ሦስቱንም ሳይጠይቅ ምክንያት ቢናገር በሽተኛውን ሳይመረምር መድኃኒት እንደሚያዝ ይቆጠራል።

ለኢትዮጵያ ከሁሉ የሚቀርበው ሦስተኛው ነው። የዓለም ጤና ድርጅት በ2019 በዓለም ላይ 236 ሺህ ያህል ሰዎች ሰጥመው እንደሞቱ ገምቷል፤ ከእነዚህ ከ10 ዘጠኝ የሚበልጡት ዝቅተኛና መካከለኛ ገቢ ባላቸው አገሮች የሚኖሩ ናቸው። የመዋኛ ገንዳና የዋና ትምህርት ጉዳይ ከሜዳልያ በፊት የሕዝብ ጤና ጉዳይ ነው። ሃዮሽ በአቴንስ ባሕር ስብ ተቀብቶ የገባው ከእርሱ አምስት ዓመት ቀደም ብሎ አባቱ በወንዝ ስለሞቱበትና መዋኘትን አጥብቆ ስለተማረ ነው። በተከዜ ዳር ወይም በጣና ጠረፍ ያለ ልጅ ንጹሕ ውኃና የሚያስተምረው ሰው ቢያገኝ ሕይወቱን ማትረፊያ ዕውቀት ይዞ ያድጋል። የትኛውን የዋና ልብስ ይልበስ የሚለው ጥያቄ ከዚያ በኋላ የሚመጣ ነው።